እትዬ ፀዳለ ሳይቀመጡ የወጡ ዕለት

በላይ ሲደውልልኝ ቄራ ባለው ሱቄ ውስጥ ካርቶን እየፈታሁ ነበር። በላይ ሹፌር ነው፤ ስልክ ላይ ነገር አያበዛም።

«ግርማ፣ እትዬ ፀዳለ አረፉ» አለኝ።

«የትኛዋ ፀዳለ?» አልኩት። ሰው ሲደነግጥ የሚያውቀውን ነው የሚጠይቀው። እኔ በዚህ ከተማ የማውቃቸው ፀዳለ አንድ ናቸው።

«ድንኳኑ ጎተራ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ። ቀብሩ ነገ ነው» አለና ዘጋው።

አንድ ደንበኛ ብቅ ብሎ «ቶነር አለ?» አለኝ። የለም አልኩት። ቶነሩ ከጀርባዬ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ዕቃ እያለው የለም የሚል ነጋዴ ካያችሁ፣ ወይ ዋጋ ሊጨምር ነው፣ ወይ ሰው ሞቶበታል።

ሰፈሩ ሳይፈርስ በፊት ሱቄ ካዛንቺስ ነበር፣ አንድ ፎቅ ሥር። ከላይ ያለው ድርጅት የግንባታ ዕቃ አስመጪ ነው፤ ወረቀቱን፣ ቶነሩን፣ ሳሙናውን፣ ሶፍቱን የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። እትዬ ፀዳለ የዚያ ድርጅት የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ነበሩ። በኋላ ቢሮአቸው በር ላይ «ሂውማን ሪሶርስ» የሚል የሚያብለጨልጭ ጽሑፍ ተለጠፈ፤ ሠራተኛው ግን እስከ መጨረሻው «ፐርሶኔል» ነው የሚላቸው። እሳቸውም ጽሑፉን አልወደዱትም። «ሪሶርስ ሲሚንቶ ነው» ይሉ ነበር።

ግዢ የእሳቸው ሥራ አልነበረም። ግን ሶፍቱ ሲሳሳ ሠራተኛው የሚያማርረው ለእሳቸው ስለሆነ፣ ራሳቸው ወርደው ያዩታል። አንዱን ጥቅል ፈታ አድርገው ወደ ብርሃን ያነሱትና በሶፍቱ ውስጥ እኔን ያዩኛል።

«ግርማ፣ ፊትህ ወለል ብሎ ይታያል እኮ» ይሉኛል።

ዋጋ ላይ አይከራከሩም። እኔ ዋጋ እጠራለሁ፤ እሳቸው ዝም ብለው መነጽራቸውን ያወልቁና በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል። መርካቶ ውስጥ ከስንት አከፋፋይ ጋር ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የተከራከርኩ ሰው ነኝ፤ ያንን ዝምታ ግን አልቻልኩትም። ዶላሩ ጨምሮ፣ ትራንስፖርቱ ተወዶ፣ ኪራዩ… እያልኩ ብቻዬን ስለፈልፍ፣ ብቻዬን ዋጋ እቀንሳለሁ። ያን ጊዜ መነጽራቸውን ያደርጉና «ይኸው፣ ስንነጋገር እንግባባለን አይደል?» ይላሉ። አንድ ቃል አልተነፈሱም እኮ።

ፈቃድ ሊጠይቅ ለሚገባ ሠራተኛ ሁሉ አንድ መግቢያ ነበራቸው፤ «አጭር አድርገህ ዋሸኝ፣ ሥራ አለብኝ።» አክስቱን ደጋግሞ የሚቀብር አንድ የመጋዘን ልጅ ነበር። በመጨረሻው ጊዜ «አይ እኚህ አክስትህ፣ ጠንካራ ሴት ናቸው» ብለው ፈረሙለት።

የታመመ ሠራተኛ ካለ ግን ቀልድ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ለእያንዳንዱ ይደውላሉ። እንዴት ነህ ብለው አይጠይቁም። «ምን በላህ?» ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ሀበሻን ስለ ጤናው ብትጠይቀው፣ ነፍሱ ልትወጣ እያለች እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚልህ። ምን በላህ ስትለው ግን ያወጣዋል» አሉኝ።

ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። የሠራተኛውን ልጆች ስም፣ የማን እናት ስኳር እንዳለባት፣ የማን ሚስት እርጉዝ እንደሆነች ያውቃሉ። ድርጅቱ ለሠራተኛና ለቤተሰቡ የሕክምና ዋስትና የገባ ጊዜ፣ ካርዱን ዴስክ ለዴስክ ዞረው በየእጁ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሰርግ ላይ ዳቦ የሚያድሉ ይመስሉ ነበር።

ያንን ካርድ ከሁሉ በላይ የተጠቀመችበት የድርጅቱ ሹፌር የበላይ ሚስት ሙሉ ናት። ሙሉ ኩላሊቷ ደክሟል፤ በሳምንት ሁለቴ የግል ሆስፒታል ሄዳ በማሽን ትታጠባለች። ካርዱን ስታሳይ ያስገቧታል፣ ስትጨርስ በላይ በድርጅቱ ፒካፕ ይወስዳታል። አለቀ። ካርዱ ባይኖር የሹፌር ደሞዝ ያንን እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን፤ አናወራውም እንጂ።

ሐሙስ ቀን ነበር። እትዬ ፀዳለ ሱቄ ውስጥ ሳሙና እያሸተቱ ሳለ በላይ ገባ። ፊቱ የሰው ፊት አልመሰለም።

«ሙሉስ?» አሉት።

«ቤት ናት። አልታጠበችም።»

«ለምን?»

«ጠዋት ካርዱን ሰጠሁ፤ ልጅቷ ኮምፒዩተሩን አየችና አልሰራም አለችኝ። ኔትወርክ ነው ብዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እንዲያውም ሙሉን፣ አትጨነቂ፣ ባንክም እኮ እንዲህ ነው፣ ሲስተም ሲመጣ ይጠሩናል አልኳት። ሰው ከኋላችን እየመጣ እየገባ፣ እኔ ኔትወርክ ስጠብቅ… በኋላ ልጅቷ ጠጋ ብላ፣ ጋሼ፣ ድርጅታችሁ ውሉን አቋርጧል፤ አልነገሯችሁም እንዴ? አለችኝ።»

እትዬ ፀዳለ ሳሙናውን ቀስ ብለው መደርደሪያው ላይ መለሱት።

«እርስዎ ያውቁ ነበር?» አላቸው በላይ።

ብዙ ዓመት የሚያውቃቸው ሰው ነው ይህን የጠየቃቸው። በጥፊ ቢመታቸው ይሻላቸው ነበር።

«አላውቅም» አሉት። ወደ ፎቁ ወጡ።

ተመልሰው ሲወርዱ የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ናሁሰናይ ይባላል፤ አባቱ ያቋቋሙትን ድርጅት የወረሰ ወጣት ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሰላም ሲልህ ግን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ወጪ ለመቀነስ ብሎ ዋስትናውን ካቋረጠ ሰንብቷል። ለሠራተኛው ለምን አልተነገረም ቢሉት፣ እንዳይረበሹ ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን አላቸው።

«ቀስ ብለን አለኝ» አሉ እትዬ ፀዳለ። «ኩላሊት ቀስ ትላለች?»

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሠራተኛው ተሯሩጦ አዋጣና ሙሉ ታጠበች። ግን መዋጮ አንዴ ነው፣ ቢበዛ ሁለቴ። ሰኞ ደግሞ ተራዋ ነው። አንዱ እንክሰስ አለ። እትዬ ፀዳለ «እንክሰስ፣ እኔም እፈርማለሁ። ግን ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ እስኪሰጠን ሙሉን ማን ያቆይልናል?» አሉ። ሁሉም ሲበተን ወደ እኔ ዞሩ።

«ግርማ፣ ጋቢ አለህ?»

«ለምን?»

«እሑድ ለሽምግልና ናሁሰናይ ቤት እንሄዳለን። አንተ፣ ሐጂ ከማልና እኔ።»

ሐጂ ከማል ከሱቄ ቀጥሎ ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የድርጅቱን ዩኒፎርም የሚሰፉት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ ፀዳለ፣ ሽማግሌ እኮ… ማለቴ፣ ሴት ሽማግሌ አይቼ አላውቅም» አልኳቸው።

«ምን ይላል? የሚያስታርቀው ጢሙ ነው?»

«እሺ፣ እኔ ግን ዕቃ አቅራቢያቸው ነኝ። ቢያባርረኝስ?»

«ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩህ። ምንም የማይቀርበት ሰው ቢቆም ማን ከቁብ ይቆጥረዋል?»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄድን። ጋቢው የአማቴ ነው። ሐጂ ከማል በጋቢ ሲታዩ ግርማ ሞገስ ያለው ሽማግሌ ሆኑ፤ እኔ ከሆስፒታል የወጣሁ መሰልኩ። እትዬ ፀዳለ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው ከፊት ቀደሙ። በሩን የከፈቱልን የናሁሰናይ እናት፣ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። አዩን። ጋቢውን አዩ፣ ነጭ ልብሱን አዩ። ፊታቸው እንደ መስከረም ፀሐይ በራ።

«ግቡ! ኧረ ግቡ! ተቀመጡ!»

«ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ እትዬ ፀዳለ፣ በደንቡ መሠረት።

ይህን ሲሰሙ ሴትዮዋ ጭራሽ አላስቻላቸውም። «ሳሮን! ሳሮንዬ! ደህና ነገር ልበሽ ውረጂ!» ብለው ወደ ደረጃው ተጣሩ። የቤት ሠራተኛዋን ወደ ጓዳ በዓይን ላኳት፤ ወዲያው የሽንኩርት ሽታ መጣ። ያላገባች ሴት ልጅ ያለችበት ቤት በእሑድ ጠዋት በጋቢ እንደመጣን ያን ጊዜ ገባኝ። አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ።

«ለመሆኑ ልጁ ማን ይባላል?»

«በላይ» አሉ እትዬ ፀዳለ። እሳቸው ሙሉን ብቻ ነው የሚያስቡት፤ ሌላው አልታያቸውም።

«ሥራውስ?»

«ሹፌር ነው፤ የድርጅታችሁ።»

ወይዘሮ አስካለ ትንሽ ዋጥ አደረጉ። ግን ጨዋ ሴት ናቸው። «እንግዲህ… ሹፌርም ቢሆን ጠባዩ ነው ዋናው። በፊት አግብቶ ያውቃል?»

«እንዴ፣ ሚስት አለው እንጂ! የመጣነውስ በሚስቱ ጉዳይ አይደል!»

ሴትዮዋ የሶፋውን ክንድ ያዙ። ሐጂ ከማል ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «እመቤቴ፣ ለጋብቻ አይደለም የመጣነው፤ አላህ ያገናኛት፣ እኛ ግን ለሌላ ጉዳይ ነን» አሉ። ከደረጃው ላይ አንዲት ልጅ በፒጃማ ቆማ፣ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትስቃለች።

በሳቁ ነው ናሁሰናይ የወጣው፣ በቱታ። እትዬ ፀዳለን ሲያይ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እትዬ ፀዳለ? ግርማ? ምን ሆናችሁ?»

ቢሮ ውስጥ «አቶ ናሁሰናይ፣ እርስዎ» ነው የሚሉት። ያን ዕለት ግን የመጡት እንደ ሠራተኛ አልነበረም።

«ልጄ» አሉት። «የሠራተኛውን የሕክምና ዋስትና አቋርጠሃል። ማቋረጥህን ለማንም አልነገርክም። በላይ የሰማው ሚስቱን ሆስፒታል መስኮት ላይ አቁሞ ነው። ነገ ተራዋ ነው፤ ካልታጠበች ትሞታለች። ለዚህ ነው የቆምነው።»

ሳሮን መሳቋን ተወች።

«ይሄ እኮ የቢሮ ጉዳይ ነው፤ ነገ ቢሮ ብንነጋገርበት…»

«ቢሮ ነግሬህ ነበር። ቀስ ብለን አልከኝ።»

«ናሁ፣ እውነት ነው?» አሉ እናቱ። «የአባትህን ሠራተኞች?»

«ማማ፣ አንቺ አታውቂውም፤ ዶላሩ ጨምሮ፣ ትራንስፖርቱ…»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። የእኔን ዘፈን ነው የሚዘፍነው። እትዬ ፀዳለ መነጽራቸውን አወለቁና በነጠላቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። አወይ ልጄ፣ አልቆልሃል አልኩ በሆዴ። እሱ ይናገራል፣ እሳቸው ይጠርጋሉ። ሐጂ ከማል ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው እግራቸው ይቆማሉ። በመጨረሻ ናሁሰናይ ቃል አለቀበት።

«እሺ። የበላይን ሚስት እኔ በግሌ አሳክማታለሁ። ከነገ ጀምሮ። በቃ?»

እትዬ ፀዳለን በክርኔ ነካኋቸው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ገበያ ሲሰምር አውቃለሁ። ይህ ይያዛል፣ ይታሰራል፣ ይኬዳል።

«እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ተቀብለናል» አሉ። «ነገ ጠዋት በላይ ሆስፒታሉ ይጠብቅሃል።»

«እልል በሉ እንጂ! በሉ አሁን ተቀመጡ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«አንቀመጥም» አሉ እትዬ ፀዳለ።

«እንዴ? ተቀበልን አላላችሁም?»

«የሙሉን ተቀብለናል። ገና ያልታመሙት ቀርተዋል።» ወደ ልጁ ዞሩ። «ቀጥሎ የሚታመመው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ልጄ። የማንን ስም ይዤ ቤትህ ልመጣ ነው? አንድ በአንድ እየመጣን ስንለምንህ ልንኖር ነው? ዋስትናውን መልስላቸው። አልችልም ካልክ ደግሞ ቀድመህ፣ በራስህ አፍ ንገራቸው። ሰው አውቆ ይዘጋጅ።»

ናሁሰናይ ወለሉን አየ። «አስብበታለሁ» አለ።

«አስብበት።» ወይዘሮ አስካለን ጉንጫቸውን ስመው ወደ በሩ ሄዱ። እኛም ተከተልን፤ ምን እናድርግ?

«ኧረ በማርያም! ሽማግሌ ከቤቴ ሳይቀመጥ አይወጣም! ውሃ እንኳ ሳትቀምሱ!» እያሉ ሴትዮዋ እስከ ግቢው በር ተከተሉን። እያለቀሱ ነበር። እኔም ሁለቴ ዞሬ አየሁ፤ አንዴ ለሴትዮዋ እንባ፣ አንዴ ለሽንኩርቱ ሽታ።

ታክሲው ውስጥ «በቃ፣ ትልቁን ደንበኛዬን ዛሬ ቀበርኩት» አልኩ።

«ሶፍትህ ድሮም ስስ ነው» አሉኝ እትዬ ፀዳለ። ትንሽ እንደሄድን ወደ እኔ ዞሩ። «ግርማ፣ ቢያባርረኝ የት እገባለሁ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ሐጂ ከማል ከፊት ወንበር ሳይዞሩ፣ «እኔ ዘንድ ቁልፍ ይተክላሉ፤ የእኔ ዓይን ደክሟል» አሉ። ቀልድ አልነበረም። እትዬ ፀዳለም «እሺ» አሉ፤ እሱም ቀልድ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ናሁሰናይ ሆስፒታሉ ቀድሞ ደርሶ አገኘው በላይ። ሙሉ ታጠበች። የቀረው ግን እስከ ረቡዕ ዝም ተባለ። እትዬ ፀዳለ በእነዚያ ቀናት ሱቄ አልወረዱም፤ ጠረጴዛቸውን እያጸዱ ነው ተባለ። ረቡዕ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ወደ መጋዘን ተጠራ። እኔ ሳሙና አስረካቢ መስዬ ከኋላ ቆምኩ። ናሁሰናይ እናቱን ይዞ መጣ። ይዟቸው ልበል እንጂ፣ ማን ማንን እንደያዘ ያየ ሰው ያውቃል። በኋላ ሳሮን ለበላይ እንደነገረችው፣ ሴትዮዋ ከእሑድ ጀምሮ ከልጃቸው ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም ብለው ነበር።

ሲሚንቶው መሀል ቆሞ፣ «ዋስትናውን ሳልነግራችሁ አቋርጬ ነበር» አለ። «ልክ አልነበረም። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ይመለሳል። ያንኑ ያህል ላይሸፍን ይችላል። እስከዚያ የታመመ ሰው…» ድምጹ እየቀነሰ ሄደ።

ከጥግ በኩል እትዬ ፀዳለ፣ «አቶ ናሁሰናይ፣ ጮክ ብለው ይናገሩ፤ ኋላ ያሉት አልሰሙም» አሉ።

እንደገና ጮክ ብሎ ተናገረው።

ዋስትናው ተመለሰ፤ ትንሽ ቀነስ ያለ ነው፣ ግን ኩላሊትን ይሸፍናል። እኔንም አላባረረኝም። እትዬ ፀዳለ ግን በዓመቱ ጡረታ ውጡ ተባሉ። ዕድሜያቸው ደርሷል፣ ሕጉም ይፈቅዳል፤ ሁሉም ግን የእሑዱን ነገር አስታወሰ። እኔም ተናድጄ፣ «ቂሙን ተወጣ!» አልኳቸው።

«ኧረ ተው» አሉኝ። «ከሦስት ወር በፊት ጠርቶ፣ አስቀምጦ ነው የነገረኝ። ልጁ ተምሯል እኮ!» ብለው ከልባቸው ሳቁ።

ሰፈሩ ሲፈርስ እሳቸው ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገቡ፣ እኔ ቄራ ሄድኩ። ሱቄ የፈረሰ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ምን በላህ?» አሉኝ። ምንም አልበላሁም ነበር። ወሬ ወሬ እንዳያመጣ ብዬ ሽሮ አልኳቸው። «ዋሸኸኝ፤ ግን አጭር ነው፣ ደህና» አሉኝና የአንድ ምግብ ቤት ስም ነግረውኝ ዘጉት። ዛሬ ድረስ እዚያ ነው የምበላው።

ልባቸው ነው አሉ። ተኝተው አልነቁም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሙሉ ከሴቶቹ መሀል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ግን አለች። ከእትዬ ፀዳለ ይልቅ ለእሷ ነበር ሁላችንም የምንሰጋው። ስታየኝ ጠራችኝና፣ «ግርማ፣ እኔ እያለሁ እሳቸው ይቅደሙ? ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» አለችኝ፣ እንደ መናደድ ብላ።

በላይ ከድንኳኑ በር ላይ የመኪና ቁልፍ ይዞ ቆሟል። ሰዓቱ ደርሷል፣ ተራዋ ነው። ሊጠራት ይፈልጋል፣ አልደፈረም። በስተኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ሙሉዬ፣ የዛሬውን ለነገ እናስለውጠው፤ ደውዬ ልጠይቃቸው?» አላት።

ቀብር ውሎ፣ እዝን ሳይበላ፣ እንደዚያ ከሚወዱት ሰው ድንኳን ተነስቶ መሄድ ነውር ነው። ሴቶቹም «ተዪው ዛሬስ» አሏት። ሙሉ መሬቱን ተደግፋ ተነሳች። ያዘቀዘቀችውን ነጠላ አስተካከለች።

«አይሆንም፣ ይቆጡኛል» አለች።

«ማን?» አላት በላይ።

በአገጯ ወደ እትዬ ፀዳለ ፎቶ አመለከተችው። ክንዱን ይዛ ወደ መኪናው ሄደች።